የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሜ ላይ «ወደ ድረ ገጽ ቀይር» የሚል በተን ልጨምር ነው፤ ምን ምን ላስብበት?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ጀመዓ። አንድ ትንሽ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። እንደ ዎርድ ትልቅ አይደለም። ጽሑፍ ይጻፍበታል፣ ርዕስ፣ ዝርዝር፣ ሠንጠረዥና ፎቶ ይገባበታል፣ ይታተማል፣ በቃ። የሚጠቀሙበት ጥቂት መምህራን፣ አንድ ሁለት የኮምፒውተር ጽሕፈት የሚሠሩ ሱቆች፣ ከዚያ ደግሞ የአካባቢያችንን መንዙማና የሽማግሌ ታሪክ የሚሰበስቡ ልጆች ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ የጻፍነውን በስልክ የሚነበብ ድረ ገጽ አድርግልን። ፒዲኤፍማ ያወጣል፤ ግን ኤፎር ገጽ ስልክ ላይ ሲከፈት ፊደሉ ጉንዳን ነው የሚያክለው፣ አንዷን መስመር ለመጨረስ ወደ ቀኝ መግፋት ወደ ግራ መመለስ ነው።

አሁን ያለው የሙከራ ኮድ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን እንዳለ ይገለብጣል። ላፕቶፕ ላይ ሲታይ ቁርጥ ዋናውን ነው። ውስጡን ስትከፍቱት ግን እያንዳንዱ ቃል የራሱን ፎንት፣ መጠንና ቀለም ተሸክሟል፤ ርዕሱም ርዕስ መሆኑ የትም አልተጻፈም፣ ትልቅና ወፍራም ጽሑፍ ብቻ ነው። ስልክ ላይ ሲከፈት አንዳንዱ ላይ ጽሑፉ በሙሉ ምልክት የተቀላቀለበት የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናል፣ አንዳንዱ ላይ በደንብ ይነበባል። መንዙማው ውስጥ ያሉት የዐረብኛ ስንኞች ደግሞ ነጥባቸውና ቅንፋቸው ቦታውን ይለቃል።

ጥያቄዬ፦ መልኩን ልከተል ወይስ መልኩን ትቼ ሌላ መንገድ ልያዝ? ፎቶዎቹን በፎልደር ላውጣ ወይስ ሁሉም በአንድ ፋይል ይሁን? ፎንትስ እንዴት ይደረጋል? ሰነዱን የማስቀምጠው በኤክስኤምኤል (ክፍሎቹን በስም ለይቶ በሚያስቀምጥ የጽሑፍ ፎርማት) ነው፣ እንደ ሊብሬኦፊስ ኦዲቲ ፋይል ዚፕ ተደርጎ።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አብሽር፣ ሰነዱ ኤክስኤምኤል ከሆነ ግማሹን ሥራ ጨርሰሃል። ስክሪኑን መገልበጥ ተውና ከሰነዱ ራሱ ተነስ። ርዕስ ያገኘህበት ቦታ የርዕስ ታግ (የጽሑፉን ክፍል ምንነት የሚናገር ምልክት) ጻፍ፣ አንቀጽ ጋ የአንቀጽ ታግ፣ ዝርዝር ጋ የዝርዝር፣ ሠንጠረዥ ጋ የሠንጠረዥ። ፎንቱን፣ መጠኑንና ቀለሙን እያንዳንዱ ቃል ላይ አታንጠልጥል፤ ላይ አንድ አጭር ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስን የደንብ ዝርዝር) አድርግና እዚያ ጨርሰው። ኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ) ከመጀመሪያው የተሠራው ለዚህ ነው። ቲም በርነርስ ሊ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ሰርን በሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሆኖ ሲጀምረው ርዕስ፣ አንቀጽ፣ ዝርዝርና ሊንክ ነበር የያዘው፤ መልክን ለብቻው የሚይዘው ሲኤስኤስ የድር ደረጃዎችን በሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ የጸደቀው በ1996 ነው።

መልክ ለመጠበቅ መሞከር የት እንደሚያደርስ ማየት ከፈለግህ ማይክሮሶፍት ዎርድ ላይ «ሴቭ አዝ» ብለህ የዌብ አማራጮቹን ተመልከት። ተራው ዌብ ፔጅ ፋይሉ ተመልሶ በዎርድ እንዲከፈት ስለሚፈልግ የኦፊስን የራሱን ምልክት ሁሉ ይዞ ይወጣል። «ፊልተርድ» የሚለው ደግሞ ያንን ጠርጎ ነው የሚያወጣው። አንተ ግን ወደ ኋላ የሚመለስ ፋይል አያስፈልግህም፣ ዋናው ሰነድ እጅህ ላይ አለ። ስለዚህ ድረ ገጹ የአንባቢው ብቻ ይሁን።

ዝባዝንኬው የሚመጣው ገጹ በምን ኢንኮዲንግ (ፊደልን በባይት የማስቀመጫ ዘዴ) እንደተጻፈ ሳይናገር ሲቀር ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ብራውዘሩ ይህን ካላወቀ ሦስቱን ባይት ሦስት የላቲን ምልክት አድርጎ ሊያነባቸው ይችላል። አንዳንዱ ብራውዘር ገምቶ ያገኘዋል፣ አንዳንዱ ይስታል፤ ለዚያ ነው ስልኩ ላይ የሚለያየው። የኢንኮዲንግ መግለጫውን «ሄድ» የሚባለው የገጹ መግቢያ ክፍል እንደተከፈተ ጻፈው፣ ከማንኛውም ነገር በፊት። ደንቡ በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ መገኘት አለበት ይላል፤ አንተ ረጅም ሲኤስኤስ ከላይ ጠቅጥቀህ መግለጫውን ከታች ካደረግኸው ብራውዘሩ ላያየው ይችላል። እዚያው አጠገቡ ገጹ በስልኩ ስፋት እንዲታይ የሚያዘውን የቪውፖርት መስመር ጨምር፣ ያለ እሱ ስልኩ ገጹን እንደ ኮምፒውተር ስክሪን ሰፊ አድርጎ ያሳየውና ፒዲኤፉ ላይ ያለው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ቋንቋውም አማርኛ መሆኑን የመጀመሪያው ታግ ላይ ተናገር፤ ጽሑፍ አንባቢ ሶፍትዌርም፣ መተርጎሚያውም፣ ፍለጋውም ይጠቀምበታል።

ሰው የጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን የማዕዘን ቅንፎችና አምፐርሳንድን (&)፣ ብራውዘሩ የኤችቲኤምኤል ምልክት እንዳይመስሉት፣ ወደ ኮዳቸው መቀየር አትርሳ። አንድ የሒሳብ መምህር «ከዚህ ያንሳል» ምልክት ጽፎ የቀረው አንቀጽ ቢጠፋበት ፕሮግራምህን ዳግም አያምነውም።

---

እህተ ወልድያ (ወልድያ)

እኔ ኮደር አይደለሁም፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት ነው የምሠራው። ከተጠቃሚ በኩል ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው የድሮ ፋይል ነው። ሰው ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ውስጡ ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ ነገር አለ፤ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ። ያኔ የነበሩት ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ለኮምፒውተሩ የተጻፈው ላቲን ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ ሰዉ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ በለመደው ጻፈ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ኮፒ ተደርጎ ፕሮግራምህ ውስጥ ከገባና ፎንቱን ጥለህ ድረ ገጽ ካደረግኸው፣ ኢንኮዲንጉን ብታስተካክልም የሚወጣው የላቲን ፊደል ነው። እና ወንድሜ፣ እባክህ ዝም ብሎ አያውጣው። «ይህ አንቀጽ በድሮ ፎንት የተጻፈ ይመስላል» ብሎ ያሳየን። መቀየሪያ ብትጨምርበት ደግሞ እሰየው፣ ግን እያንዳንዱ ፎንት የራሱ ሠንጠረዥ ነው ያለው፣ አንዳንዱም አንዱን ፊደል በሁለት ኮድ ነው የሚሠራው፤ ቀላል እንዳይመስልህ።

ሁለተኛው፣ አንድ ፋይል ይሁን። ሰዉ የሚላላከው በቴሌግራም ነው። ፎልደር ካለው አንዱ ገጹን ብቻ ይልክና ፎቶዎቹ ይቀራሉ፣ ከዚያ ተቀባዩ «ፎቶው የለም» ብሎ እኔ ጋ ነው የሚደውለው። ኔትወርክ በሌለበት ቦታም መከፈት አለበት። ገጠር ያለ መምህር ከተማ ሲመጣ ያወርደዋል፣ እቤቱ ሲመለስ ነው የሚያነበው።

ሌላም ትዝ አለኝ። ደንበኞቼ ርዕስ ማለት አድምቆ መሐል ማድረግ ነው ብለው ነው የሚያስቡት፣ ስታይል የሚባለውን የሚነካ የለም። አንቀጽና አንቀጽ ለማራራቅም ኢንተርን ደጋግመው ይመታሉ። ቦርከና ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ርዕስ ተብሎ ያልተጻፈውን ርዕስ ፕሮግራሙ ከየት ያመጣዋል?

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ነጥቡን ነው የያዝሽው። ፕሮግራሙ በራሱ ግምት መወሰን የለበትም። ሲያወጣ አንድ መስኮት ይክፈትና ብቻቸውን የቆሙ፣ አጭርና ደማቅ መስመሮችን ይዘርዝር፤ «እነዚህ ርዕስ ናቸው?» ብሎ ይጠይቅ፣ ሰውየው ምልክት ያድርግባቸው። የመረጣቸውን ደግሞ ዋናው ሰነድ ላይም ርዕስ ያድርጋቸው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ድጋሚ እንዳይጠየቅ። ባዶ አንቀጾቹ ይጣሉ፣ ርቀቱን ሲኤስኤሱ ይስጥ።

አንድ ፋይል በሚለውም እስማማለሁ። ፎቶው በቤዝ 64 ወደ ጽሑፍ ተቀይሮ እዚያው ገጹ ውስጥ ይገባል። ዋጋ አለው፣ መጠኑ በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ከስልክ ካሜራ የመጣውን ፎቶ እንዳለ አታስገባ፣ ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል አካባቢ ዝቅ አድርገው፣ ለስልክ ከበቂ በላይ ነው። ድረ ገጽ ሰርቨር ላይ ለሚጭን ሰው የፎልደሩን አማራጭ በሁለተኛ ደረጃ አስቀምጥለት፣ ግን ነባሪው (ሰው ካልቀየረው በራሱ የሚሠራው) አንድ ፋይል ይሁን።

ፎንት ላይ የእኔ ሐሳብ መጀመሪያ አታካት የሚል ነው። አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አላቸው፣ ማክ ላይ ከፋ አለ፣ ዊንዶውስ ላይ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ ነበር፣ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ደግሞ ኢብሪማ አለ። ስማቸውን በተርታ ጻፍ፣ መጨረሻ ላይ አጠቃላዩን የፎንት ዓይነት አድርግ፣ መሣሪያው ያለውን ይመርጣል። የግድ የራሴ መልክ ይኑረው ለሚል ተጠቃሚ ፎንቱን ወፍ ቱ በሚባለው የድረ ገጽ ፎንት ዓይነት አድርጎ ገጹ ውስጥ መክተት ይቻላል፣ ግን ፈቃዱን እይ። ኖቶና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በክፍት የፎንት ፈቃድ የወጡ ናቸው፣ ችግር የለባቸውም፤ ሌላውን ሰው የሸጠውን ፎንት ግን በየገጹ መበተን አይቻልም።

---

አጀሚ አንባቢ (ባቲ)

ማሻ አላህ፣ መንዙማን በጽሑፍ ለማቆየት የሚለፋ ሁሉ አላህ ይርዳው። ዐረብኛው ላይ እኔ ልምጣ።

አሁን የምታደርገው ምናልባት መስመሩን ወደ ቀኝ ማስጠጋት ብቻ ነው። ማስጠጋትና አቅጣጫ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንቀጹ አቅጣጫው ከግራ ወደ ቀኝ እንደሆነ ከቀረ፣ ፊደሎቹ በትክክል ከቀኝ ይነበባሉ፣ የመጨረሻው ነጥብ ግን ስንኙ በሚያልቅበት በግራ በኩል መሆን ሲገባው ከመጀመሪያው ቃል ፊት በቀኝ ተለጥፎ ይገኛል። ነጥብና ቅንፍ የራሳቸው አቅጣጫ ስለሌላቸው ጫፍ ላይ ሲሆኑ የአንቀጹን ነው የሚከተሉት። መፍትሔው ለዚያ አንቀጽ በታጉ ላይ አቅጣጫውን ከቀኝ ወደ ግራ ብሎ መናገር ነው። በሲኤስኤስ አታድርገው፣ አቅጣጫ የጽሑፉ አካል ነው፣ መልክ አይደለም፤ ሰው ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ሲወስደውም አብሮ መሄድ አለበት።

በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መሐል የሚገባ የዐረብኛ ሐረግ ሲሆን ሌላ ወጥመድ አለ። ሁለት የዐረብኛ ስም ተከታትለው በመሐላቸው የእኛ ነጠላ ሰረዝ ፣ ካለች ቅደም ተከተላቸው ይጠበቃል፣ ምክንያቱም የግዕዝ ሥርዓተ ነጥብ በዩኒኮድ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ተብሎ ነው የተመዘገበው። በመሐላቸው የላቲን ኮማ ከሆነ ያለው ግን ሁለቱ ስሞች አንድ ላይ ተጣብቀው ይገለበጣሉ፣ ሁለተኛው መጀመሪያ ይመጣል። የሸኾችን ስም በተርታ በምትጽፍበት ቦታ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፣ ማን ከማን እንደተማረ ይዛነፋል። እያንዳንዱን የዐረብኛ ሐረግ ቢዲአይ በሚባለው ታግ ለብቻው ከልለው፣ ያኔ በመሐል ምንም ምልክት ቢኖር አይነካካም።

ሌላው፣ ወሎ ውስጥ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ብዙ ነው፣ አጀሚ የምንለው። እሱን ዐረብኛ ነው ብለህ ምልክት አታድርግበት። ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብ መሆኑን መግለጽ ይቻላል፦ የአማርኛው ሁለት ፊደል ኮድ «ኤኤም»፣ ሰረዝ፣ ከዚያ «አረብ» የሚለው ባለ አራት ፊደል የጽሕፈት ኮድ። ጽሑፍ አንባቢው ባያነበውም፣ ነገ አጀሚን ለይቶ የሚፈልግ ተመራማሪ ሲመጣ ከዐረብኛው ጋር ተቀላቅሎ አያገኘውም።

---

ሐይቅ ዳር

ሥርዓተ ነጥብ ከተነሳ እኔም አንድ አለኝ። ብዙ ሰው ከአራት ነጥብ በፊት ስፔስ ይመታል። ወረቀት ላይ ብዙም አያስታውቅም። ስልክ ላይ ግን መስመሩ ጠባብ ስለሆነ «ነው» የሚለው ቃል መስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ አራት ነጥቡ ለብቻው ወደ ታች ወርዶ አዲስ መስመር ይጀምራል። በአንድ ገጽ ላይ ይህን ደጋግመህ ስታየው ዓይን ያስጠላል። ግማሹ ሰው ደግሞ አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ነው የሚጽፈው፣ ሌላው በላቲን ኮሎን።

እኔ የምለው፣ ይህንን ሲወጣ በድብቅ አታስተካክል። ሰው የጻፈው ሳያውቅ መቀየር የለበትም፣ በተለይ ከብራና የተገለበጠ ጽሑፍ ሲሆን ሁለት ነጥቡ በየቃሉ መሐል ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው። እዚያው መጻፊያው ላይ ሲጻፍ አስተካክልለት፣ ወይም «ላስተካክል?» ብለህ ጠይቀው።

ጃስቲፋይም አታድርግ፣ እባክህ። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ በጠባብ ስክሪን ላይ ሁለቱንም ጠርዝ እኩል ላድርግ ስትል በቃላት መሐል ትልልቅ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ግራውን ብቻ ይዘህ ልቀቀው፣ የመስመር ከፍታውንም ወደ 1.6 ከፍ አድርገው፣ ፊደላችን ጠበብ ሲል ይታፈናል። ኢታሊክንም ቢሆን ብራውዘሩ ቀጥ ያለውን ፊደል አጋድሞ ነው የሚያመጣው፣ የእኛ ጽሕፈት ማጋደል አልለመደም። አባቶች ብራና ላይ ለየት እንዲል የፈለጉትን፣ የቅዱሳኑን ስም ለምሳሌ፣ በቀይ ቀለም ነበር የሚጽፉት። ታጉ የማጉላት ታግ ይሁን፣ መልኩን ግን በሲኤስኤስ ቀለም ወይም ድምቀት ብትሰጠው ለእኔ ያምራል።

ተራ ቁጥሮቹን በግዕዝ ቁጥር ፩፣ ፪፣ ፫ እያሉ ለሚጽፉም ሲኤስኤስ ላይ «ኢትዮፒክ ኑመሪክ» የሚባል የዝርዝር ዓይነት አለ። እውነተኛ ዝርዝር እስከሆነ ድረስ ቁጥሩን ብራውዘሩ ራሱ ይጽፈዋል።

---

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ጀዛኩሙላህ ኸይር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት። ከሰነዱ ተነስቼ እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ፣ ነባሪው አንድ ፋይል ይሆናል፣ የርዕስ መጠየቂያውን መስኮትም እሠራለሁ። እህተ ወልድያ፣ የድሮ ፎንት ማስጠንቀቂያው በመጀመሪያው ቨርዥን ይገባል፣ መቀየሪያው ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ሦስት ነገር ቀረኝ። የግርጌ ማስታወሻ ምን ይሁን? ከርዕሶቹ ማውጫ ስሠራ የሊንኩን ስም በአማርኛ ላድርገው? ግጥሙስ? የመንዙማው እያንዳንዱ ስንኝ አሁን ለብቻው አንቀጽ እየሆነ ነው፣ አዝማቹና ቤቱ አይለይም።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ኤችቲኤምኤል የግርጌ ማስታወሻ ታግ የለውም፣ ድረ ገጽም ግርጌ የለውም። ቁጥሯን ሊንክ አድርጋት፣ ማስታወሻው ምዕራፉ መጨረሻ ላይ ይሁን፣ እዚያም ወደ ነበረበት የሚመልስ ሊንክ አድርግ። መመለሻውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፣ አንባቢ ግን ያለ እሱ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ይጠፋል። የገጽ ቁጥርና በየገጹ አናት የሚደጋገመው ጽሑፍ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይቅር።

የሊንክ ስም በአማርኛ ይፈቀዳል፣ ስፔስ ብቻ አይኑረው። ነገር ግን ሰው ሊንኩን ኮፒ አድርጎ ሲልከው ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይዘረዘራል፤ ሦስት ባይት፣ ለእያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክትና ሁለት አሃዝ። «ወሎ» ብቻ 18 ምልክት ይሆናል፣ ሙሉ ርዕስማ ስክሪኑን ይሞላል። ስለዚህ ለርዕሶቹ አጭር የላቲን ፊደልና ቁጥር ስጣቸው፣ የፋይሉንም ስም እንዲሁ፤ አማርኛው ርዕስ ለአንባቢው በሚታየው ቦታ ይቀመጥ። አንዴ የሰጠኸውን ቁጥር ግን ሰነዱ ውስጥ አስቀምጠው፣ ሰውየው መሐል ላይ አዲስ ርዕስ ቢጨምር የድሮዎቹ ሊንኮች እንዳይዛቡ።

ግጥም ላይ አጀሚ አንባቢ ይቅደም።

---

አጀሚ አንባቢ (ባቲ)

ለግጥም አንድ ቤት አንድ አንቀጽ ነው፣ በውስጡ እያንዳንዱ ስንኝ የራሱ መስመር። ስለዚህ መጀመሪያ መጻፊያህ ራሱ ግጥም የሚባል የአንቀጽ ዓይነት ይኑረው፤ ኢንተር ሲመታ አዲስ ስንኝ፣ ሁለቴ ሲመታ አዲስ ቤት። አዝማቹ ደግሞ የራሱ ስም ይኑረው፣ በየቤቱ መሐል ሲደጋገም ሲኤስኤሱ አንድ ጊዜ መልኩን ይሰጠዋል።

ስልክ ላይ ረጅም ስንኝ ታጥፎ ወደ ሁለተኛ መስመር ሲወርድ አንባቢው አዲስ ስንኝ ይመስለዋል፣ ሲያዜምም ዜማው ይሰበርበታል። ስለዚህ ስንኞቹን በቢአር (መስመር በሚሰብረው ታግ) ብቻ አትለያያቸው፣ እያንዳንዱን በስፓን ታግ ጠቅልለህ እንደ ብሎክ አቁመው፣ ከዚያ የታጠፈው ክፍል ትንሽ ገባ እንዲል አድርግ፤ ጠቅላላውን በፓዲንግ (በውስጥ ጠርዝ ክፍተት) አስገባና የመጀመሪያውን መስመር በዚያው መጠን በኔጌቲቭ ኢንደንት መልሰው። አጀሚና ዐረብኛው ላይ መግቢያው ከቀኝ ስለሚሆን «ፓዲንግ ሌፍት» ብለህ አትጻፍ፣ «ፓዲንግ ኢንላይን ስታርት» በለው፤ አንቀጹ አቅጣጫው ከተነገረው ጎኑን ራሱ ይመርጣል፣ ለሁለቱም ፊደል አንዱ ኮድ ይበቃሃል።